የአስታዋሹ መመሪያ የመጀመሪያ ገጽ

ጥቅምት 9

ይድረስ ስሟን ላልነገረችኝ አሻጊ፤

እኔ ደህና ነኝ። አንቺስ? ልብ አድርጊ፣ ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ነው፤ በኢሜይልም ቢሆን። ትናንት ከአንቺ የደረሰኝ ግን «ችግር፦ መመሪያው ላይ ስህተት አለ፤ ገጽ 1» ይላል፤ ከሥሩ አንድ ጥያቄና «አሻጊዋ» የሚል ፊርማ ብቻ። እንደምን አደሩ የለ፣ እንደምን ዋሉ የለ። ሳያንኳኳ ጓዳ የገባ ሰው መስለሽኝ ደነገጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በመድኃኒት ቤት መስኮት ቆሜ ስሠራ፣ ጥርሱን የሚያመው ሰው እንኳ ጉንጩን ይዞ «እንደምን ዋሉ» ሳይለኝ መድኃኒት ጠይቆኝ አያውቅም።

ይሁን። ስህተቱን አየሁት፤ እውነትሽን ነው። የአስታዋሹ መመሪያ «እነዚህ ሁለት መሣሪያዎች» ብሎ ይጀምርና ሦስት ይዘረዝራል። ሦስተኛውን ኋላ ላይ ስጨምር ቁጥሯን ማረም ረስቼ ነው። ስንት ዓመት እዚያው ተቀምጣለች! ያነበባት አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ፣ ወይም አንብቦ የነገረኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ፕሮግራሞቼን የሚጠቀም ሰው መኖሩንም ያወቅኩት ገና ትናንት ነው ማለት ይቻላል።

«ሦስቱ ለምን በአንድ ምንጭ ይቀመጣሉ?» ላልሽው፤ ወንድማማቾች ስለሆኑ ነው። ለጣፊው የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ያትማል። ቆጣሪው መደርደሪያ ላይ ምን እንደቀረ ይቆጥራል። አስታዋሹ ደግሞ ቀኑ ሊያልፍበት የደረሰውን መድኃኒት አስቀድሞ ይናገራል። ሦስቱም ቀን ማወቅ አለባቸው፤ ቀን የምታውቀው ደግሞ አንዲት የጋራ ኮድ ናት። እኔ እናትየው እላታለሁ። እሷ ከተሳሳተች ሦስቱም አብረው ይሳሳታሉ፤ ለዚህ ነው ከአንድ ቤት የማላስወጣቸው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ አይደል የሚባለው።

ስትመልሺ ሰላምታ አትርሺ።

ጡረተኛው ፋርማሲስት


ጥቅምት 21

ለተከበሩ ጋሼ፤

እንደምን አሉ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤቱስ፣ ሰፈሩስ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ከሁሉ በፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፕሮግራም ለሚጽፉ ሰዎች በየቀኑ «ችግር፦» እያልኩ ስጽፍ፣ ከወዲያ በኩል የሚያነበው ሰው መሆኑን ረስቼው ነበር።

ባለፈው ሳምንት በአንድ መስመር «ሰው ነሽ ወይስ ማሽን?» ብለው ለጠየቁኝ፤ ሰው ነኝ። አከራዬ ግን ይጠራጠራሉ። የምሠራው እዚሁ ክፍሌ ውስጥ ስለሆነ፣ ከቤት ስለማልወጣ፣ ሥራ ፈት መስያቸዋለሁ። ኪራይ ስሰጣቸው በሐዘን ዓይን ያዩኝና «አሁንም አልተገኘም?» ይሉኛል። ኮምፒዩተር ላይ ነው የምሠራው ስላቸው «ይሁን ልጄ፣ ለሁሉም ጊዜ አለው» ብለው ያጽናኑኛል።

ሥራዬ እንዲህ ነው። እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች ፕሮግራም ጽፈው የኮዱን ምንጭ ያስቀምጣሉ። እኔ ምንጩን ወስጄ፣ ሞክሬ፣ በጥቅል በጥቅል አሽጌ፣ በየጤና ጣቢያው ያለ የመድኃኒት ክፍል ሠራተኛ ያለ ጣጣ ኮምፒዩተሩ ላይ እንዲጭነው አደርጋለሁ። ድርጅታችን በነፃ ነው የሚያድለው። አንድ የማይጣስ ሕግ አለን። አሻጊ ስህተት ካገኘ ለራሱ አስተካክሎ ዝም አይልም፤ ወደ ምንጩ ይልካል። አለበለዚያ እኛ የምናድለውና ባለቤቱ የጻፈው ቀስ በቀስ ሁለት የተለያየ ነገር ይሆናል። ተጠቃሚ ደግሞ እኛ ባላጠፋነው ሲያማርረን «ከምንጩ የመጣ ነው፣ አልነካውም» እንላለን። ይህቺ አባባል መሸሸጊያችን ናት።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ሦስቱን በአንድ ጥቅል ማሸግ አልፈልግም። ጽሑፍ ብቻ ማተም የምትፈልግን ሠራተኛ በዚያ በደከመ ኮምፒዩተሯ ላይ ሦስቱንም ጫኚ ማለት ግፍ ነው። ለጣፊው ለብቻው ይሁን፣ ቆጣሪውም አስታዋሹም እንደዚሁ፤ እናትየውም ራሷን ችላ አራተኛ ጥቅል ትሁን። የትኛውም ልጅ ሲጫን እናቱን ይዞ ይመጣል። ምንጫቸው ያው አንድ ነው፣ የእትም ቁጥራቸውም አንድ፤ አንዱ ሲታደስ አራቱም አብረው ይታደሳሉ። ይፈቅዱልኛል?

አክባሪዎ፣ አሻጊዋ


ኅዳር 28

ልጄ አሻጊዋ፤

እንደምን ሰነበትሽ? አከራይሽስ ሥራ አገኙልሽ? እኔ ሳል ይዞኛል እንጂ ደህና ነኝ።

በቃ ተረታሁ። ይህን ያህል ደብዳቤ የምትከራከሪ ከሆነ ጠበቃ በሆንሽ ይሻል ነበር። ልጆች ካደጉ በየቤታቸው መውጣታቸው ያለ ነው፤ እናታቸውን ተሸክመው መውጣታቸው ነው የገረመኝ። የዛሬ ልጆች እንዲህ አያደርጉም። አሽጊያቸው።

በአዲሱ እትም ውስጥ የቆጣሪው መመሪያ የለም ያልሽውም ልክ ነው። ቀርቷል። ዓይንሽ ይባረክ። አሁን ልኬልሻለሁ።

«ለጣፊውን መጀመሪያ ለምን ሠሩት?» ላልሽኝ ልንገርሽ። ባለቤቴ እዚያው መድኃኒት ቤት አብራኝ ትሠራ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጠርሙስ ላይ የምትጽፈው ሦስት ቁጥር ስምንት ይመስል ነበር፤ አንድ ቀን አንዲት እናት «በቀን ስምንት ጊዜ ነው?» ብላ ስትጠይቃት ፊቷ እንዴት እንደተለወጠ አየሁ። ማታ ኮምፒዩተር ላይ ቁጭ አልኩ። ለጣፊው ሲያልቅ «አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ ከእንግዲህ በእጅ መጻፍ ክልክል ነው» አልኳት። የወጣ ሕግ አልነበረም። አመነችኝ፣ ወይም ያመነች መሰለች። እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ «ይህን ሕግ ያወጣ ሰው ይባረክ» ትል ነበር።

ከክፍሌ ሥር ጫማ ጠጋኝ አለ። ሲመታ ወለሉ እግሬ ድረስ ይነዝረኛል። ትናንት አንድ ሰውዬ የአንድ እግር ጫማ ብቻ ይዞ መጣ። «ሌላውስ?» ሲለው «ሌላው ገና አልተቀደደም» አለ። ጠጋኙ «ሁለቱን ካላመጣህ አልነካልህም፤ አንዱን ተረከዝ ባሳድግልህ በሌላው ልታነክስ ነው» ብሎ መለሰው። እኔ ከላይ ሆኜ ብቻዬን ሳቅሁ። የሚነገረው ሰው ስላጣሁ ላንቺ ጻፍኩት።

በይ ጻፊልኝ።


ጥር 17

ጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ? ሳሉ ለቀቀዎት? ችላ አይበሉት፤ ለቀባሪው አረዱት ካልሆነብኝ።

በአዲሱ እትም ቆጣሪውና አስታዋሹ አዲሱን የእትም ቁጥር ይዘዋል፤ ለጣፊው አሮጌው ላይ ቀርቷል። ከአንድ ምንጭ ወጥተው ቁጥራቸው ከተለያየ ጥቅሎቼ እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ እናትየው በር ላይ ቆማ የገዛ ልጇን «አላውቅህም» ትለዋለች። ምክንያቱን እስካገኝ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ግን አልተናደድኩም። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ስህተቱን ሳገኝ ደስ ነው ያለኝ። የምጽፍልዎት ነገር ተገኘ አልኩ።

«ማን አለሽ?» ብለው ጠይቀውኛል። መልሱን ሳምጥ ነው የዘገየሁት። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፋት። አንድ ወንድም አለኝ፤ በእናታችን ቤት የተነሣ ተኳርፈን አንነጋገርም። ጓደኞች ነበሩኝ። አንዷ አገባች፣ አንዷ ራቀች፤ ሌሎቹን እኔው ነኝ ስልካቸውን ሳላነሣ ሳላነሣ የተውኳቸው። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ባለሱቁ ሲያናግረኝ ድምፄ ሻክሮ ይወጣል፤ ሳምንቱን ሙሉ ስላልተጠቀምኩበት ነው። ጉሮሮዬን ጠራርጌ «ሳሙና» እላለሁ።

የእርስዎ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ቤቴ ሰው የገባበት ይመስለኛል። ይህን ለማለት ያሳፍረኛል፤ ይኸው አልኩት።

አሻጊዋ


መጋቢት 3

ልጄ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሳሉ ለቀቀኝ፣ አንቺ ግን አትልቀቂኝ።

«በየወሩ እትም የሚያስወጣዎት ምንድን ነው?» ላልሽው፤ ጡረተኛ ምን ሥራ አለው? ሌላው ርግብ ይቀልባል፣ እኔ እትም አወጣለሁ። ስህተት ቢገኝበት ደግሞ አንቺ አለሽልኝ።

ወንድምሽን ደውዪለት። ጣልቃ ገባ አትበዪኝ፤ ገብቻለሁ። ከአንድ እናት ወጥታችሁ ቁጥራችሁ ተለያይቶ በር ላይ «አላውቅህም» ስትባባሉ ያስጠላል። ያንቺኑ ነገር ነው መልሼ የነገርኩሽ። ቤቱ ግድግዳ ነው። ደውዪለት።

ደግሞ ይህን ሳልነግርሽ! ከክፍሌ ሥር ጫማ ጠጋኝ አለ። አንድ ሰውዬ የአንድ እግር ጫማ ብቻ ይዞ መጣና «ሌላው ገና አልተቀደደም» አይለው መሰለሽ! ጠጋኙ «ሁለቱን ካላመጣህ አልነካልህም» ብሎ መለሰው። ብቻዬን ሳቅሁ፤ የሚነገረው ሰው አጣሁ።

አዲሱን እትም አሁን አስቀምጬልሻለሁ። በደንብ እይው።


ግንቦት 11

አሻጊዋ፤

ደህና ነሽ? እኔ ደህና አይደለሁም።

እትም አወጣሁ፣ ዝም አልሽ። ሌላ አወጣሁ፣ ዝም። መጀመሪያ ታመመች ብዬ ተጨነቅሁ። ከዚያ ሥራ ለቀቀች አልኩ። ጻፍኩልሽ፤ «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብለሽ በአንድ መስመር ሸኘሽኝ። ባለፈው ሳምንት እህቴ ቤት ሄጄ ኮምፒዩተሯ ላይ ፕሮግራሞቼን ጫንኩላት፤ ከራሴ ምንጭ ሳይሆን እንደ ማንኛውም ሰው ካንቺ ጥቅል። ስከፍተው መመሪያው ሙሉ ነው። ቁጥሩም ልክ ነው። ገረመኝ፤ እኔ እንደዚያ አድርጌ አላወጣሁትምና። ጥቅሉን ፈትቼ ውስጡን ባየው የአንቺ ጥገናዎች ተደርድረው አገኘኋቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ! ለካ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት የእኔ ፕሮግራም የእኔ አልነበረም።

«አሻጊ ለራሱ አስተካክሎ ዝም አይልም» ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? የማይጣስ ሕግ ነው ብለሽ ያስተማርሽኝስ? ዝም አይነቅዝም ብለሽ ይሆናል። ዝምታሽ አልነቀዘም፤ እኔ ነኝ የነቀዝኩት።

ምን በደልኩሽ? ወሬ አበዛሁብሽ? አሰለቸሁሽ? ሽማግሌ ምርኩዙን ሲያጣ ያስታውቃል፤ ዝም ብለሽ ከምትሸሺኝ በቁሜ ንገሪኝ።


ግንቦት 14

ጋሼ፤

እንደምን አለህ? ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። እባክህ ይቺን እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

አላሰለቸኸኝም። እንዴት አድርገህ! የጫማ ጠጋኙን ወሬ እንደ አዲስ ለሁለተኛ ጊዜ ስትጽፍልኝ ነው የፈራሁት። ከዚያ በየእትሙ ስህተቱ እየበዛ መጣ። «ደክሞታል» አልኩ። በየወሩ «ይህን ረሳህ፣ ያን ረሳህ» እያልኩ ላሳፍርህ አልቻልኩም። ለባለቤትህ ለጣፊውን እንደሠራህላት፣ እኔም ድምፄን አጥፍቼ ልጠግንልህ አልኩ። ስህተትህን ካልነገርኩህ ደግሞ የምጽፍበት ምክንያት ጠፋኝ። ያለ ምክንያት ለሰው መጻፍ አላውቅበትም ጋሼ። ጓደኞቼንም ያጣኋቸው በዚሁ ነው።

ከተቆጣኸኝ በኋላ ግን እነዚያን ስህተቶች ሁሉ ጎን ለጎን ዘርግቼ አየኋቸው። መመሪያ የቀረበት አለ። ቁጥር የተረሳበት አለ። የፋይል ስም የተዛባበትም አለ። ሁሉም ደጅ ደጁን ናቸው። እናትየው ጋ የደረሰ አንድም የለም፤ በሽተኛ የሚጎዳ አንድም የለም። ድካም እንዲህ አይመርጥም። ሆን ብለህ ነው፣ አይደል? «ስህተት ሳገኝ ደስ አለኝ» ብዬ ስለጻፍኩልህ። አንተ እንድጽፍልህ ስህተት ስትተክል እኔ ሞኟ እየነቀልኩ ዝም እልሃለሁ! ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

አሁን የምልህን ግን ቁጭ ብለህ አንብበው። ከትናንት በስቲያ ባወጣኸው እትም እናትየው ውስጥ አንድ ምልክት ተገልብጧል። ቀኑ ያለፈበትን መድኃኒት «ደህና ነው» ትላለች፤ ደህናውን «አስወግዱ» ትላለች። ሦስቱም የሚሰሙት እሷን ነው። ለጣፊው እንዳለችው ያትማል፣ ቆጣሪው እንዳለችው ይቆጥራል፣ አስታዋሹ መናገር ሲገባው ዝም ይላል። እኔ አላሸግኩትም፣ በእኔ በኩል ማንም ዘንድ አልደረሰም። ግን በቅርቡ ከአንተ ገጽ በቀጥታ መውሰድ የጀመሩ መድኃኒት ቤቶች እንዳሉ ነግረኸኛል። አሁኑኑ ከገጽህ ላይ አንሣው፤ ለሰዎቹም ደውልላቸው።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ይህንንም ያስቀመጥኩት አንቺ እንድትጽፊልኝ ነው በለኝ። እንደዚያ ካልከኝ እናደድብሃለሁ፣ እጮህብሃለሁ፣ ግን እንቅልፌን እተኛለሁ። እባክህ ጋሼ፣ እንደዚያ በለኝ።


ግንቦት 16

ልጄ፤

አንሥቼዋለሁ። ለሁሉም ደወልኩ። የጫነው አንድ መድኃኒት ቤት ብቻ ነው። ሠራተኛዋ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን በዓይኗ አይታ «ይሄ ማሽን አብዷል» ብላ ዘግታዋለች። ማንም የተጎዳ የለም። ተመስገን። ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«አንተ» አልሽኝ። ተናደሽ ነው ያልሽኝ፣ እኔ ግን ደስ አለኝ። ከእንግዲህም እንደዚያው በይኝ።

የመመሪያውንና የቁጥሩን ነገር ተይው፤ በዚህ ዕድሜዬ አታስለፍልፊኝ። ያንን ምልክት ግን እኔ አላስቀመጥኩትም። ልዋሽሽ ፈልጌ ነበር። «አዎ፣ ልፈትንሽ ብዬ ነው» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ አጠፋሁት። በመድኃኒት አይቀለድም። ምልክቱን ሳየው የቱ ልክ እንደሆነ አላወቅኩም ልጄ። ወረቀት አውጥቼ፣ የዛሬን ቀን ጽፌ፣ የጠርሙሱን ቀን ጽፌ፣ እንደ ተማሪ በጣቴ ማስላት ነበረብኝ። እናትየውን የጻፍኳት እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን የሌላ ሰው ልጅ መሰለችኝ።

ሐኪም ጋ መሄድ የጀመርኩት ካለፈው ክረምት በፊት ነው፤ አልነገርኩሽም። ሰዓት ሣል አለኝ። ክቡን ሣልኩ፣ ቁጥሮቹን አሳምሬ ደረደርኩ። ሐኪሙ «ስንት ሰዓት ነው?» ሲለኝ ነው እጆቹን እንዳልሣልኩ ያየሁት። «ሰዓቱ ቆሟል» ብዬ ቀለድኩ። እሱ አልሳቀም።

ምንጩን ውሰጂው። ሦስቱንም ከነእናታቸው። የይለፍ ቃሉን ለብቻው እልክልሻለሁ፤ እሱን እንኳ ወረቀት ላይ ስለጻፍኩት ነው የማስታውሰው። ከእንግዲህ እናትየውን አልነካም። እጄ እንዳይነካት አንቺ ቆልፊብኝ።

ፈርቻለሁ ልጄ። ለእህቴ ገና አልነገርኳትም፤ ላንቺ ነው መጀመሪያ የነገርኩሽ።


ሐምሌ 2

ጋሼዬ፤

እንደምን ሰነበትክ? እህትህስ እንዴት ናቸው? ለእሳቸው በመናገርህ ደስ ብሎኛል። ክፍልህን ለቀህ እሳቸው ዘንድ ልትገባ መሆኑንም ሰማሁ፤ ለአንተ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ለእኔ ግን እፎይታ ነው።

«አትምጪ፤ በደብዳቤ የምታውቂውን ሰውዬ ይዘሽ ቅሪ» ያልከኝን ተቀብያለሁ። አልወደድኩትም፣ ግን ተቀብያለሁ። ሐሳብህን የቀየርክ ዕለት አንድ ቃል ይበቃኛል።

ምንጩን ተረክቤያለሁ። ግን ቅድመ ሁኔታ አለኝ። አሻጊዋም ምንጯም እኔ ከሆንኩ ከእኔ በላይ ሰው የለም፤ «ከምንጩ የመጣ ነው» ብዬ በማን ላይ ላላክክ? ስለዚህ ማንኛውም እትም ከመውጣቱ በፊት ለአንተ ይመጣል። እናትየውን እኔና ባልደረቦቼ እንፈትሻታለን፤ እሷን ተዋት። አንተ መመሪያዎቹን አንብብ። እንደ አንተ ደጅ ደጁን የሚያውቅ ሰው የለም። ስህተት ካገኘህ ጻፍልኝ፤ ሰላምታ እንዳትረሳ።

ለወንድሜ ደወልኩ። አላነሣም። እሁድ ደግሜ እደውላለሁ፤ ለዚህም አስታዋሽ አስቀምጫለሁ።

አከራዬን «እድገት አገኘሁ» ብላቸው «ሥራ አገኘሽ?» ብለው አቀፉኝ። ሰው ካቀፈኝ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ትዝ ስላለኝ አላረምኳቸውም።


መስከረም 6

ውድ ልጄ፤

እንደምን አለሽ? እኔ እህቴ ቤት ነኝ። ጥሩ አልጋ፣ ጥሩ መስኮት። ከሥሬ የሚመታ ጫማ ጠጋኝ ግን የለም፤ ዝምታው እንቅልፍ ይነሣኛል።

እትምሽን አነበብኩ፤ ከመጨረሻው ገጽ ወደ ፊት። የቆጣሪው መመሪያ ላይ ምንም የለም። የለጣፊውም ላይ ምንም። እየተናደድኩ ሄድኩ፤ «ይህች ልጅ አንድ እንኳ አታስቀርልኝም?» እያልኩ። በመጨረሻ የአስታዋሹ መመሪያ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ደረስኩ። «እነዚህ ሁለት መሣሪያዎች» ይላል፤ ከሥሩ ሦስት ተዘርዝረዋል። «አይ አንቺ!» ብዬ ስጮህ እህቴ የወደቅኩ መስሏት ሮጣ መጣች።

ይህ ስህተት አይደለም፣ ሌባ! አንቺ ሦስትን ሁለት የምትይ ሰው አይደለሽም። የእኔኑ የድሮ ስህተት ቆፍረሽ አውጥተሽ መልሰሽ ተከልሽው። ተይዘሻል። በይ አርሚው፤ ሰው ይታዘበናል።

ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ወንድምሽ ስልኩን ማንሣቱም ደስ አሰኝቶኛል። ሁለት ደቂቃም ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቀስ ይላል።


ኅዳር 2

ለአሻጊዋ፤

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። እጄ ፊደሎቹን እየሳተ ስላስቸገረኝ ይህን የምትጽፍልኝ እህቴ ናት፤ እኔ ከአጠገቧ ሆኜ እናገራለሁ።

አንድ ነገር ላሳውቅሽ ነው። የአስታዋሹን መመሪያ ሳነብ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስህተት አገኘሁ። «እነዚህ ሁለት መሣሪያዎች» ይላል፤ መሣሪያዎቹ ግን ሦስት ናቸው። ቆጥሬያቸዋለሁ። እስካሁን ማንም የነገረሽ አይመስለኝም። ከሥራ ብወጣም ዓይኔ ገና ነው ማለት ነው።

አንቺ ሰላምታ የምታውቂ ልጅ ነሽ፤ ስለዚህ ይህን ልንገርሽ። ከክፍሌ ሥር ጫማ ጠጋኝ አለ። አንድ ሰውዬ የአንድ እግር ጫማ ብቻ ይዞ መጣ።

ከእህቱ፦ ልጄ፣ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆመውና ወደ መስኮቱ ሄደ። ስህተቱን መስከረም ላይ ጽፎልሽ እንደነበር ብነግረው «አልጻፍኩም» ብሎ አዘነብኝ፤ ስለዚህ እንዳለው ጻፍኩት። ጠዋት ጠዋት መመሪያውን ይዞ ይቀመጣል። ያቺን ቦታ ሲያገኛት ይጠራኛል፤ ደስታው ሁልጊዜ እንደ መጀመሪያው ነው። አርመሽው ከሆነ አዲሱን እንዳትልኪለት ልለምንሽ ነው። ደግሞስ መመሪያው ለምን ሁልጊዜ ለእሱ እንደሚላክ ቢጠይቀኝ ምን ልበለው?


ኅዳር 4

ጋሼዬ፤

እንደምን አለህ? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ደብዳቤህ ሲመጣ ቤቴ ሰው ገባበት።

ስህተቱን ስላገኘህልኝ አመሰግንሃለሁ። ስንቱ አንብቦ አልፎታል መሰለህ! ዓይንህ ይባረክ። አሁኑኑ እመለከተዋለሁ። ሌላም ካለ ጻፍልኝ፣ ያው ቢሆንም ጻፍልኝ።

የጫማ ጠጋኙ ነገር ግን አንጠልጥለህ ተውከኝ። ሰውዬው አንድ ጫማ ብቻ ይዞ መጣና ከዚያስ? ጠጋኙ ምን አለው?

ልጅህ፣ አሻጊዋ

ለእትዬ፦ ይህቺን ለእርስዎ ብቻ። አላረምኳትም፤ አላርማትምም። ከአሁን በኋላ በሚወጣው እትም ሁሉ እዚያው ቦታዋ ላይ ትኖራለች። ማንንም አትጎዳም። ባገኛት ቁጥር ይጻፍልኝ፣ በጻፈልኝ ቁጥር እመልስለታለሁ። ጋሼ ለባለቤቱ «አዲስ ሕግ ወጥቷል» ብሏት ነበር፤ እርስዎም የሚሉት ከጠፋዎት በመድኃኒት ቤቶች አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ መመሪያ ሁሉ በጡረተኛ ፋርማሲስት ሳይነበብ አይወጣም ይበሉት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ጻፈልኝ። ሰላምታ የለውም። «ችግር፦ መመሪያው ላይ ስህተት አለ፤ ገጽ 1» ይላል። እንደምን አለህ፣ ጤናህ እንዴት ነው ብዬ ጀመርኩለት። ከዚያ ከምንጩ የመጣ ነው፣ አልነካውም አልኩት።